ጨው የመሰለው ስብራት

መካነ ሰላም፣ ረቡዕ፣ የካቲት 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ዛሬ በብረታ ብረት ተማሪዎቼ ፊት ጉድ ሆንኩ። ከመኪና ባሌስትራ የሠራሁት መጥረቢያ፣ «ይሄ አይሰበርም» ብዬ ፎክሬ ሳልጨርስ፣ በመጀመሪያው ምት ለሁለት ተሰበረ። ስባሪውን ይዤ ቀጥቃጩ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ስብራቱን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩና ሳቁ።

«አብሽር! እንደ ጨው ሲብለጨለጭ አየኸው? አብዝተህ አግለኸዋል። ደህናው ብረት ሲሰበር ውስጡ እንደ ልም ዱቄት ነው።»

«ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«የሰበርኩት ነዋ!»

የብረት ቅንጣት ሲተልቅ ብረቱ ይደክማል እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ክብ ክብ ስስል ከርሜያለሁ። ቅንጣቱን በዓይኔ ያየሁት ግን ገና ዛሬ ነው! ነገ ስባሪውን ይዤ ክፍል እገባለሁ። ቀድሜ የምስቀውም እኔ ነኝ።