ወደ ጉድጓዱ የዞረው በረባሶ

ለእህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ጉልበትሽን የኮምቦልቻ ሙቀት አሻለው? እኔን፣ አልሐምዱሊላህ፣ የደሴ ብርድም ዳገትም አላንበረከከኝም።

ዘንድሮም ለአረፋ የባልሽን የመሕሙድን አልጋ እንዳነጠፍሽ ሰማሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ከጅዳ ቃል አልላከም፤ አንቺ ግን ታነጥፊያለሽ። የምጽፈው ስለዚያ አልጋ ነው። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና ራስሽ አንብቢው፤ ለልጅ አታስነብቢ።

ማክሰኞ ዕለት ከቦሩ ሜዳ ማዶ፣ ከመሕሙድ ጋር ወደሠራንበት የከሰል ጉድጓድ ሄድኩ። በድሮው የሠራተኞች ቤት ሠዓሊዎች ገብተዋል። በየግድግዳው ሰው ስለዋል፤ በጉሙ ውስጥ ፈረቃ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ለአንዱ ሰላምታ ሰጥቼ አፈርኩ።

ሀናን የምትባል ሠዓሊ ጫማ ይውለቅ አለችኝ። እዚህ ጫማ የማስወልቅ አለቃ እኔ ነበርኩ አልኳት። «ዛሬ ተራው የእርስዎ ነዋ፣ አባባ» ብላ ሳቀች። አወለቅኩ።

ያኔ ቦት አድርገን ስንገባ የየራሳችንን ጫማ በጉድጓዱ አፍ እንደረድር ነበር። የቀረ ጫማ ካለ፣ ውስጥ የቀረ ሰው አለ። እኔ ከረድፍ የወጣ ጫማ ሳይ የማን ነው ሳልል መጋዘን እቆልፍበታለሁ፤ ባለቤቱ በማግስቱ ለምኖ ይወስዳል። ዛሬም ሥርዓት ክፉ ነው አልልም።

ሠዓሊዎቹ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰብረው አንድ ጥንድ በረባሶ አግኝተዋል። በጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ላይ አኑረውታል። ፊቱን ወደ ውጭ ያደርጉታል፤ ወደ ውስጥ ዞሮ ያገኙታል። ነፋስ ነው ብዬ ገሠጽኳት። «እስቲ እርስዎ ያዙሩት» አለች።

አነሳሁት። የግራው ማሰሪያ በአረንጓዴ ሲባጎ ተሰፍቷል። ስፌትሽን አውቀዋለሁ። ወደ ውጭ አዙሬ አስቀመጥኩት። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ወደ ውስጥ ዞሯል። ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

መሕሙድ የጠፋ ዕለት ከረድፍ የወጣ አንድ ጥንድ ቆልፌበት፣ ረድፉ ባዶ ስለነበር ይህንኑ አሮጌ ጉድጓድ በድማሚት ድፈኑት ያልኩት እኔ ነኝ። መሕሙድ ጫማውን ይዞ ሄዷል፣ ጅዳ ተሻግሯል ያልኩሽም እኔው ነኝ። በማግስቱ ጫማ የሚለምነኝ ሰው አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። መጋዘኑን ግን አልከፈትኩም።

ባዶ እግሬን እዚያው ቆሜ የሙት ሶላት፣ ሶላተል ጀናዛ ሰገድኩ። ሀናን ከኋላዬ ቆመች።

አልጋውን አንሺ፣ ሰደቃም አውጪ። ሼኹን ጠይቄ ነበር፤ የባል ሐዘን ኢዳሽ ካለቀ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎታል አሉኝ።

አፉ በይኝ ብዬ በወረቀት አልጽፍም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደጅሽ እቆማለሁ። መክፈት አለመክፈት የአንቺ ነው። አላህ ልብሽን ያጽናው።

ታላቅ ወንድምሽ