«ው» የወደቀችበት ለውዝ

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት
የማዛፓን ጣፋጩ ሊጥ አርፏል። እጄ ስኳር በስኳር። ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አል ጁርፍ ጣፋጭ ቤት ብቻዬን አይደለሁም። የእህቴ ልጅ ውቤ መጣች። አል ዋርቃ ያለችው አሠሪዋ ማዳም ውል አላድስም ብላታለች፤ ቪዛዋ ሊቃጠል ነው። የጣፋጭ ቤታችን ባለቤት ሴኞራ አንድ ሳምንት ልሞክራት አለች፤ ከወደደቻት ቪዛ ታወጣላታለች። ካልሆነ ሀገር ቤት።
ውቤ ሣጥን ታሽጋለች። ሴኞራ ስፔናዊት ብትሆንም የምታዝዘን በዐረብኛ ነው። «ሎዝ» ስትል ውቤ ሰምታ ምንድን ነው አለችኝ። የኛው ለውዝ ነው፣ ባሕር ሲሻገር «ው» ወደቀችበት አልኳት። አመነች! ሎዝ ማዛፓኑ የሚሠራበት አልሞንድ መሆኑን ነገ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ልሳቅባት።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ
የዱባይ ሆቴሎች የገና ትእዛዝ ጎርፏል። ሴኞራ ሀገሯ ሙያውን ስላስተማሯት ሴት መነኮሳት አወራችን። ገዢው ገዳማቸው በር ላይ ደወል ይደውላል። ግድግዳው ውስጥ የሚዞር የእንጨት ሣጥን አለ፤ ብሩን አስቀምጦ ሲያዞረው ጣፋጩ ይመጣል። የመነኩሲቷን ፊት አያይም። ውቤ፣ አፍ የማያስፈልገው ንግድ ለጋሼ አይሆንም አለች። ሁሉም ሳቀብኝ። ሴኞራ ሳትወዳት አልቀረችም።
የሎዙን ነገር አልነገርኳትም። ሣጥን ለምታሽግ ምን ይሠራላታል።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ጠዋት ዕቃ ላደርስ ዱባይ ሄድኩ። ፈጪው ታሞ ቀረ። ሴኞራ ውቤን ሎዝ አውጥተሽ ፍጪ አለቻት። መጋዘን ውስጥ ለሌላ ደንበኛ ከረሜላ የሚሆን የተላጠ ለውዝ አለ። የጆንያው ጽሑፍ ዐረብኛ፤ ውቤ አታነብም። ለውዙን ፈጨች። የነቢያት ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ተቦካ፣ ተቀረጸ፣ ግማሹ ምድጃ ገባ። ሴኞራ አንዱን ነክሳ ተፋችው።
ለውዝ የማይስማማውን ሰው ሊገድል ይችላል። ሣጥናችን ላይ ለውዝ የለበትም ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ተጣለ። ወፍጮው ተፈታ።
እኔ ስደርስ ሴኞራ ውቤን ሎዝ ይሄ ነው ያለሽ ማነው እያለቻት ነበር። ውቤ በሩ ላይ አየችኝ።
«ማንም። ራሴ ነኝ።»
ኸላስ፣ በቃ ከሥራ ወጥተሻል፣ አለቻት ሴኞራ። ሳትጮህ።
እኔም ዝም አልኩ። ደብተሬ፣ ቆሜ ዝም አልኩ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ
ለምን ሸፈንሽኝ አልኳት።
«አንተም ከወጣህ እናቴን ማን ይጦራታል ጋሼ? ለቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ።»
አልተቆጣችኝም፤ ስድብ ይሻለኝ ነበር። አል ተዓውን ሰፈር ሦስት ካፌ ሥራ ልፈልግላት ዞርኩ። ቪዛ አላት ወይ ይላሉ፤ በሩን ያሳዩኛል። ትኬቷ ለሰኞ ተቆረጠ።

ኅዳር 28፣ እሑድ፣ ጠዋት
ለሴኞራ እውነቱን ነገርኳት። ምድጃው ፊት ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ለምን አሳሳትካት አለች። ለሳቅ አልኩ።
«እና፣ ሳቃችሁበት?»
ውቤን መልሻት ብዬ ለመንኩ። አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሆቴሎቹ ከእንግዲህ ያቺ ልጅ ወፍጮ አጠገብ እንዳለች ከሰሙ አይገዙንም አለች። እኔን ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላባረረችኝም። ትእዛዙ ብዙ ነው፣ ሽርጥህን ልበስ አለችኝ።
ለበስኩ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ
ሸኘኋት። ለእናቴ ሥራው ከበደኝ እላታለሁ አለች። እሺ አልኳት፤ ግን አይሆንም። አውሮፕላኑ ሳያርፍ ለእህቴ ራሴ እነግራታለሁ። የሀገር ቤት ሰው ሁሉ ሰነፍ ሲላት እያየሁ አልቀመጥም።
ደወልኩ። እየጠራ ነው። ሁልጊዜ ስደውልላት የምጀምረው በቀልድ ነው። ዛሬ ምን ብዬ ልጀ— አነሳችው።