ከሩቅ የሚጎዳው ዞን

ሆሳዕና፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዲስ አበባ ላለኸው፣ በወረቀት ብቻ ባሌ ለሆንከው፣ ለተከበርከው ሆሴዕ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ይህ እንደሚያሳዝንህ አውቃለሁ።

«በሌሞ ወረዳ ያለውን ማሳ ሚስቴ ጥላዬ አመከነችው፤ እጇ በረከት የለውም፤ መሬቱ ለእኔ ይመለስ» ብለህ ለሽማግሌዎች የላክኸው አቤቱታ ትናንት ታየ። ስንዴው እውነትም ቅጠሉ ነጠብጣብ አውጥቶ ፍሬው ቀሎ ነበርና ፈራሁ። መሬቱ ከሄደ መግቢያ የለኝም። ስለዚህ ማሳው ላይ የአየር መለኪያ የተከለችውን ተመራማሪ፣ ወይዘሪት ራሔልን፣ ምስክር አድርጌ አቀረብኳት።

«አፈሩ ጤነኛ ነው፤ አያያዙም ጥሩ ነው» አለች። «ስንዴውን የጎዳው ኦዞን ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ባፈና ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኦ፣ ዞን! እኛም ጠርጥረን ነበር!»

ዞን መሥሪያ ቤት ከተቀጠርክ ጀምሮ በየሰርጉ በየለቅሶው «ከዞን ነኝ» ስትል፣ ሰፈሩ ስምህን ረስቶ «ዞን» ብሎህ የለ? ከፍ ብለህ አዲስ አበባ ከተዛወርክም በኋላ ያው «ዞን» ነህ።

ልጅቱ ምን ታውቃለች፤ ታብራራለች። «የመኪና ጭስ ፀሐይ ሲመታው ይፈጠራል። አይታይም። በነፋስ ተጉዞ ሩቅ ያለ ማሳ ይጎዳል።»

«አዲስ አበባ ሆኖም?» አሉ ጋሽ ባፈና።

«ሊሆን ይችላል፣ አባቴ። ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ፍሬው እንዳይሞላ ያደርጋል፤ ከማሳው የምናገኘው ስታርቹም ፕሮቲኑም ዚንኩም ይቀንሳል። ከፍ ብሎ ሰማይ ላይ ሲሆን ግን ይጠቅመናል።»

«የእኛው ከፍ ብሎም አልጠቀመን!»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፍነው ማሳውን ለእኔ ፈረዱ። ልጅቱ «ዞን ሳይሆን...» ብላ ልታርም ስትል እግሯን ረገጥኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ግን ቀስ ብሎ ይሁን፣ ገና አልጠገብኩም።

አንድ ነገር ልረሳው ነበር። እኔን ትተህ ያለ ወረቀት ያገባሃት ገነቴ ባለፈው ሳምንት «እናቴ ጋ ልሂድ» ብላህ እኔ ጋ ነው የመጣችው። «ያኔ ልጅ እንድትወልጂ ምን መድኃኒት ጠጥተሽ ነበር?» አለችኝ። ለካ እሷንም «መካን» ብለሃታል።

ሁለታችንም አለቀስን። እሷ ቶሎ ተጽናናች፤ እኔን ግን ማቆም ትንሽ አስቸገረኝ። ስሸኛት እንዲህ አልኳት፦ «እህቴ፣ አፈሩ ተለውጧል፤ ዘሪው ግን ያው ነው። ሐኪም ጋ ውሰጂው።»

ስለዚህ ሰሞኑን «ተነስ፣ እንሂድ» ካለችህ እንቢ እንዳትላት። ውጤቱን እስክትሰማ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ።

ጥላዬ