በብስኩት ጣሳ ውስጥ የቀረችው ቆብ

ባላራት፣ ጁን 12 ቀን 1994

ለምወድህ ልጄ ለግራንት፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው። መልሱን መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ እጄ እንደ ድሮው አይታዘዝልኝም። ፍሪማንትል ይሞቃል ብለሃል፤ ለደረትህ ደግ ነው። እዚህ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። የዳሪል ውሻ ፋብሪካው ሠራተኛ በሚለቅበት ሰዓት አሁንም በሩ ላይ ይቆማል። አላባርረውም፤ አልጠራውምም።

የወንድምህን የዳሪልን የመቃብር ድንጋይ አቁመናል። አክስትህ ቤሪል «ከታች ቦታ ተርፏል፣ ምን እናስጽፍበት?» አለችኝ። ባዶውን ተዪው አልኳት።

የጠየቅከኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽን ለሚሠሩት ለሜልቦርን ሰዎች ለሙከራ የወሰድክላቸው ሁለት መቶ ጣት የሚያክሉ የብረት ቆቦች ከማሽን እንደወጡ ነበሩ ወይ? የፊታችን ሐሙስ ሳምንት፣ የዳሪልን አሟሟት የሚመረምረው ዳኛ ፊት ስትቆም ይህንኑ ይጠይቁሃል።

ያን ቀን አስታውሳለሁ። ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ የሁለት ሳህን ሥዕል ዘርግተህ ነበር። ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ቆቦቹን በዙሪያቸው አሰልፈው፣ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ተጭኖ ቅርጽ ለሚያስይዛቸው ለመጫኛው ማሽን የሚያቀብሉ ናቸው። አንዱ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ይፈጥናል። ሌላው ሰፊ ነው፣ ይዘገያል፤ ግን ዘይት ያጣበቀውን ብረትም ያለያያል። «እማዬ፣ የምመርጠው እኔ አይደለሁም፤ ቆቡ ራሱ ነው የሚመርጠው» አልከኝ። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጅሽ ስትደረድሪያቸው ኖረሻል። ከሳጥኑ እፈሺልኝ። እንዳሉ፣ ከነዘይታቸው፣ ከነጠማማቸው።»

ሳህኑ ሲመጣ የኔ ወንበር እንደሚነሣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ነገሩን ግን አንተም አላነሣኸው፣ እኔም አላነሣሁት።

ጠባዬን ታውቃለህ። ቤሪል «ኤድና የቤት ጠራጊ ብትቀጥር፣ ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት ራሷ ትጠርጋለች» እያለች ታሾፍብኛለች። ለሜልቦርን ሰዎች የሚሄደው ደግሞ የመጨረሻው የእጄ ሥራ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ዳሪል በጓሮ በር ገባ። ቤቱ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሚያብለጨልጩትን ቆቦች አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«እማዬ፣ ልትድሪያቸው ነው እንዴ?»

«ዝም በልና ያን ፎጣ አቀብለኝ» አልኩት።

አቀበለኝ። ሌላ ያየ ሰው የለም።

ማክሰኞ ከሜልቦርን ስትደውልልኝ ድምፅህ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። «እንደ ውሃ ፈሰሱ፣ አንድም አልተወተፈ» አልከኝ። ጠባቡን መረጥክ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የተመሰገንኩ ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የማታውቀውን አንዱን ልንገርህ። ዳሪል ሊሞት አምስት ሳምንት ሲቀረው እራት ላይ እንዲህ አለኝ፦ «የወንድሜ ሳህን ዛሬም ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተወተፈ። በእንጨት ስጎረጉር ዋልኩ፤ የጥርስ ሐኪም አስመስሎኛል።»

«ለግራንት አትነግረውም?»

«ነግሬዋለሁ። ሜልቦርን ሲሞከር ደህና ነበር ይላል። ሊገባው አልቻለም።» ቀና ብሎ አየኝና «ላንቺ ይገባሻል?» አለኝ።

ድንቹ እንዳይበርድብህ አልኩት።

እንጨቱ የጠፋ ቀን የተወተፈውን ሊያወጣ እጁን ሰደደ። መጫኛው ማሽን እስከ ትከሻው ወሰደው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ጆይስ ፔንጌሊ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ ተናገረች። «ፈጣኑን ሳህን ገዝቶ ወንድሙን አስበላ። እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ልጅ ስሙን አልጠራም፣ ኤድና።» ሁሉም ዘወር ብለው አዩኝ። ማንቆርቆሪያውን አነሣሁና ኩባያዋን ሞላሁላት። ስኳር ሁለት እንደምትወስድም አልረሳሁም።

እንግዲህ መልሴ በስልክ የነገርኩህ ነው፦ እንዳሉ አፈስኩልህ። ዳኛው ፊትም ይህንኑ በል። እኔንም ከጠሩኝ መጽሐፍ ይዤ ይህንኑ እምላለሁ። የመሐንዲስነት የምስክር ወረቀቴን ይነጥቁኛል ብለህ ጽፈሃል፤ ምናልባት ይነጥቁህ ይሆናል። አንተ ግን ገና ሠላሳ ሦስትህ ነው፣ ፍሪማንትል ውስጥ ማንም አያውቅህም። እኔ እዚህ የዳሪል እናት ነኝ። ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ እጄን ይይዘኛል። ከዚህ ሌላ የተረፈኝ ነገር የለም። አንተ ከልጅነትህም ጀምሮ ትችላለህ፤ ማልቀስ የማያውቀው አንተ ነበርክ።

ለገና እንዳትመጣ። ቤሪል ትመጣለች፣ ጥሩ አይሆንም።

ቆቦቹን ይዘህ የሄድክበትን የብስኩት ጣሳ በፖስታ ልኬልሃለሁ። ከታች ከተነጠፈው ወረቀት ሥር አንዲት ቆብ ቀርታለች። ጣትህን ውስጧ አዙርና ዘይት መያዝ አለመያዙን እየው። ካየህ በኋላ ባሕር ውስጥ ጣላት።

ፈጣሪ በምትሄድበት ይቅደምልህ፣ በምትተኛበት ይጠብቅህ። በየምሽቱ ስምህን ለእርሱ እጠራለሁ፤ ለሰው ባልጠራውም።

የምትወድህ እናትህ፣
ኤድና ትሬሎር

ጣሳው የቤሪል ነው። ስትመልሰው አጥበህ ላክልኝ።