ሄለን ዱርኖ ሪድ

ከክሬግሂል እርሻ፣ አበርዲንሻየር፣ ስኮትላንድ
ማርች 14 ቀን 1881

ለልጄ ለዊሊ፣ ካናዳ፤

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱን የጠላው ጉልበቴ ብቻ ነው። ላሞቹ ወልደዋል፤ ጥቁሯ ፈረስ ግን ሞተችብን። የቤቱ ወሬ ይህን ያህል ይበቃሃል። ወደ ዋናው ልግባ፤ አባትህ ጽፎልህ ከሆነ አጣሞ ነውና ከእኔ ስማው።

ኤልስፔት ወልዳለች። ላሞቻችንን ታልብ የነበረችው ኤልስፔት ሪድ መሆኗን ልነግርህ አያስፈልግም፤ ልብስህን እንኳ ሳትሰበስብ መርከብ ላይ ያሳፈረህ የእሷ እርግዝና ነው። ሴት ልጅ ናት። አገጯ ቁርጥ አንተን ነው፤ መንደርተኛው ሁሉ አይቶ ዝም ብሏል።

ኤልስፔት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ "ሄለን ዱርኖ ሪድ" ተብላ እንድትጠመቅ። አባት ያልቆመለት ልጅ የአባቱን ቤተሰብ ስም፣ እንደ እኛ ዱርኖ ያለውን፣ መሃል ላይ ይዞ ማደጉ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። አባትህ ግን ሲሰማ እሳት ጎረሰ። "የእኔ ስም በላም አላቢ ልጅ ላይ? እኔ በሕይወት ቆሜ? አይደረግም!" አለ።

እንደምታውቀው እኛ ዘንድ ሕፃኑን ታቅፎ ቄሱ ፊት የሚቆመውና ስሙን የሚናገረው አባት ነው። አባት ከሌለ ሌላ ሰው ይቆማል። አባትህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይደል? ከቤት ቤት እየዞረ፣ "በዚያ ስም የሚቆምላት ሰው ከእኔ ጋር ተቆራረጠ" አለ። የኤልስፔት አጎት እንኳ የሚያርሰው የእኛን መሬት ተከራይቶ ነውና ፈራ። ቄሱም፣ "የሚቆምላት ሰው ካላመጣሽ አላጠምቅም" አሏት።

እኔም ሄጄ፣ "ስሙን ብትተዪው ምናለ?" ብዬ ለመንኳት።

"እትዬ፣" አለችኝ፣ "እኔን ጥሎኝ ሄደ፤ ይሁን። እሷ ግን ስታድግ አባትሽ ማነው ሲሏት አንገቷን ትድፋ? ስሟን ትናገር፣ አለቀ።"

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እራት ላይ አባትህን ያዝኩት።

"ልጃችን ሙሉ ስሙ ማነው?"

"ዊልያም ሌስሊ ዱርኖ። ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ?"

"ሌስሊ የማን ስም ነው?"

"የአባትሽ ነዋ!"

"ያኔ ምነው ሳይከብድህ ቀረ? ነው ወይስ የአባቴ ሰንጋዎች አብረውኝ ስለመጡ ቀለለህ?"

ማንኪያውን ወርውሮ ወጣ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰው የመጣው ለጸሎት ሳይሆን ለወሬ ነው። ቄሱ "ለዚህች ሕፃን የሚቆም ማነው?" ሲሉ ኤልስፔት ልጇን ታቅፋ ብቻዋን ቆማለች፤ አንድም ሰው ንቅንቅ አላለም። ከአባትህ ጎን ብድግ አልኩ። ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ባርባራ፣ ተቀመጪ!"

"አልቀመጥም! ከፈለግህ ቅደደው!" አልኩት፤ ድምፄንም ዝቅ አላደረግሁም።

ሄጄ ልጅቷን ተቀበልኳት። ቄሱ ስሟን ሲጠይቁኝ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጌ "ሄለን ዱርኖ ሪድ!" አልኩ። ቄሱ አባትህን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ውሃው ሰደዱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባትህ አያናግረኝም። አልጋም ለይቷል። ይለይ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያንኮራፋ ሳዳምጥ ኖሬ እንቅልፍ ያገኘሁት ገና አሁን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ "ባልሽን በአደባባይ አዋረድሽው" ይለኛል። እኔ ያዋረድኩት ሰው የለም። አንዲት ጨቅላ ፈርቶ በየሰው ደጅ የዞረው እሱ ነው። ነገም ቢሆን እነሣለሁ፤ ከቤት ቢያስወጣኝም እነሣለሁ።

አሁን ደግሞ ወዳንተ ልምጣ። በጣም አዝኜብሃለሁ፣ ልጄ። የዚያን ቀን የቆምኩት አንተ መቆም የነበረብህ ቦታ ላይ ነው። ኤልስፔትን "ለዊሊ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?" አልኳት። "ስሙን ለልጄ ወስጃለሁ፤ እሱን ግን አልጠብቀውም በሉልኝ" አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩልህ፤ አንዲት ቃል አላለዘብኩም። እኔ ግን እናት ነኝና እጠብቃለሁ። ከመጣህ መጀመሪያ የምታንኳኳው የእሷን በር ይሁን፤ የእኔ አይዘጋብህም።

ደረብ አድርገህ ልበስ፤ የዚያ አገር ብርድ ክፉ ነው ይላሉ። እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ እጅህ ያረፈበትን ይባርክልህ፤ እፍረትንም አይንፈግህ።

ሄለን ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ያየሁት እኔ ነኝ።

የምትወድህ እናትህ፣
ባርባራ