በነሐሴ የሚራቆተው ዛፍና የእኔ ፊርማ

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ፈረምኩ! አውራ ጣቴን ቀለም አላስነካሁም። እስክሪብቶ ይዤ፣ እንደ ሰው፣ ፈረምኩ።

ጠዋት ከዛፌ ሥር ቁጭ ብዬ የባጃጅ ጎማ ቀዳዳ ስፈልግ አቶ ፍስሐ መጣ። ከጀርባዬ ያለው የግንባታ ዕቃ መደብር የእሱ ነው፤ በሰኔ ነው የከፈተው። ወረቀት ይዟል። "ጋሽ በላቸው፣ የአካባቢያችን ጉዳይ ነው። እርስዎ የቦታው አንጋፋ ስለሆኑ ቀድመው ይፈርሙልን" አለኝ። አንጋፋ! ሰባት ባለባጃጅ ቆሞ ይሰማል።

እጄን ጠርጌ ተቀበልኩት። የመጀመሪያውን ቃል አነበብኩ። "ጉዳዩ" ይላል። ከዚያ በታች ያለው ጤፍ የተዘራ ይመስላል፤ በእኔ ፍጥነት እስኪመሽ አያልቅም። ታዲያ ሰባት ሰው ፊት ፊደል ልቁጠር? ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩ። ሁለት ቦታ ላይ ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ቦታ ላይ "እምም" አልኩ። ከዚያ የስሜን መጨረሻ እንደ በሬ ጅራት ወደ ታች ስቤ ፈረምኩ። ተራ ቁጥር አንድ።

ባለባጃጆቹ አፍጥጠው አዩኝ። በናዝሬት ጎሚስታ ሲፈርም አይተው አያውቁም መሰለኝ። እኔ ደግሞ በማታው ትምህርት ከወንዶች አንደኛ የወጣሁ ነኝ። ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህን ግን ካልጠየቁኝ አልናገርም።

ሚስቴ ወርቄ "ምን ላይ ነው የፈረምከው?" አለችኝ።

"ወረቀት ላይ ነዋ።"

አልሳቀችም። ፆም ላይ ናት፤ ቀልድ አይዋጥላትም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጅራፍ ያጮሃል። ጅራፉ ጀርባዬ ላይ ያረፈ ነው የሚመስለኝ።

ወረቀቱ በአቶ ፍስሐ መደብር በር ላይ ተለጥፏል። ሰው ሲበተን ጠብቄ ተጠጋሁ። የምስማር ዋጋ የማይ መስዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ያነበብኩት ይህን ነው፦

ጉዳዩ፦ የደረቀ ዛፍ እንዲቆረጥ ስለመጠየቅ።

አንዴ አንብቤ ትክክል አልመሰለኝም። በጣቴ እየተከተልኩ ደገምኩት። ያው ነው። ከታች ሠላሳ ያህል ስም አለ። ከሁሉ በላይ የበሬው ጅራት። ከሥሩ ቀበሌው መፍቀዱና ሰኞ ቆራጮች እንደሚመጡ በእጅ ተጽፏል።

ዛፌን ነው። የፈረምኩት በዛፌ ላይ ነው።

ስለ ዛፉ ልጻፍ፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር የለም። የግራር ወገን ነው፤ የአገሩ ሰው ገርቢ ይለዋል። ጠባዩ ግልብጥ ነው። ዝናብ መጥቶ ዓለም ሁሉ ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል። ነሐሴ ላይ አጥንት ብቻ ሆኖ ይቆማል። ዝናቡ ሲያበቃ፣ ሌላው ሁሉ መገርጣት ሲጀምር፣ እሱ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ያብባል፤ ንብ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ከላይ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። በመጋቢት፣ የናዝሬት አቧራና ፀሐይ ሰው ሲያቃጥል፣ ከዚያ መንገድ ሁሉ ጥላ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ፍሬው ሲረግፍ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ይሰበሰባል። ገበሬም እርሻው መሀል ይተወዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ክረምት ላይ ጥላ ስለሌለው ጤፉን አይጋርድም፣ ቅጠሉም ማዳበሪያ ነው።

እሾህም አለው። እሾሁ ጎማ ይወጋል። የወጋውን እኔ እጠግናለሁ። ከዚህ የተሻለ ሸሪክ ያለው ጎሚስታ ካለ ይምጣና ይንገረኝ!

ቀልዴም ዛሬ መራራ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

አቶ ፍስሐ ጋ ገባሁ። ደንበኛ ሞልቶ ነበር። ተመልሼ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም።

"አቶ ፍስሐ፣ ይህ ዛፍ አልደረቀም።"

"ጋሽ በላቸው፣ በነሐሴ ድንጋይ እንኳ ያበቅላል። ሕይወት ያለው ነገር በነሐሴ ይራቆታል?"

"ይህኛው ይራቆታል። ጠባዩ ነው።"

ደንበኞቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከደጋ ነው የመጣው፤ ዛፉን አረንጓዴ ሆኖ አይቶት አያውቅም። እኔስ ከመንዝ የመጣሁ ዓመት ማገዶ ላደርገው መጥረቢያ ተውሼ አልነበር? "ቅርንጫፉ መስታወቴ ላይ ቢወድቅስ? ሰው ላይ ቢወድቅስ?" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እርስዎ አንብበው አይደል እንዴ የፈረሙት?" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቆርቆሮ የተሸከመው ሰውዬ ሳይቀር።

"አንብቤ ነው እንጂ!" አልኩ።

ይህን ለምን አልኩ? ሰኞ የሠራሁት ስህተት ነው እንበል። የዛሬው ግን ውሸት ነው። አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል፤ ዕድሜ ልኬን እየተከተልኩት ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ኦቦ ቱፋ ቀረ። ሁልጊዜ ጠዋት በከዘራው መጥቶ፣ "አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርክ፣ በላቸው?" ብሎ ከጎኔ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል። እዚህ የተወለደ ሽማግሌ ነው፤ መጥረቢያውን ያን ጊዜ ከእጄ የነጠቀኝ እሱ ነው። "ይህ ዛፍ ኩሩ ነው" ብሎኝ ነበር። "ሁሉ ሲለብስ ይራቆታል፣ ሁሉ ሲራቆት ይለብሳል። ከሰው ጋር አይሰለፍም።"

ቤቱ ሄድኩ። ደጁ ላይ ቁጭ ብሏል። ግባም አላለኝ።

"ኦቦ ቱፋ፣ ምነው ቀሩ?"

"የቆረጥከው ዛፍ ሥር ምን አደርጋለሁ?"

"እኔ አልቆረጥኩም!"

አውራ ጣቱን አሳየኝ። ወይን ጠጅ ቀለም አለበት፤ አልለቀቀም። "እኔም ፈርሜያለሁ" አለ። "ገርቢው ይቆረጥ ይላል አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው። በላቸው አንደኛ ፈርሟል አሉኝ። እሱ የሚበላው ከዚያ ዛፍ ነው፤ እሱ ከፈረመ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ጣቴን ሰጠሁ።" አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፈ። ከዚያ፣ "ያ በላቸው፣ አንተ፣ ምን ሰጡህ?" አለኝ።

ምንም አልሰጡኝም። አንጋፋ አሉኝ። በቃ፣ ያ ነው የተሰጠኝ።

ይህን ልነግረው አልቻልኩም። ሠላሳው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የፈረመው ለካ። ዛፉን የሚያውቁት ሁሉ የእኔን ጅራት አይተው ተከተሉ።

ማታ ለወርቄ ነገርኳት፤ ሁሉንም። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። "ዛፉ ከሄደ ቦታውም ይሄዳል" አለች። እውነቷን ነው። ዛፉ ሲነሳ ያ ቦታ የመደብሩ ፊት ለፊት ነው፤ ጎሚስታ ማን ያስቀምጣል?

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ፆም ተፈታ። እኔ ግን ምንም አልቀመስኩም፤ በጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። የያዝኩት፦ የቅርንጫፍ ጫፍ፣ ቢላዋ፣ ደብተሬ፣ ብዙ ላብ።

ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት፣ ፈጣን። ቅርንጫፉን ፊቷ ላይ በቢላዋ ላጥኩት። ውስጡ አረንጓዴ ነው፣ እርጥብ። "ይኸው፣ በሕይወት አለ" አልኳት።

ዋናውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። "አባቴ፣ ደርቋል ብለው አንደኛ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ደግሞ በሕይወት አለ ይላሉ። የትኛውን ልመን?"

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ባለባጃጅ አለ። አንዲት የማታ ትምህርት ጓደኛዬም አለች፣ ከሴቶች ሁለተኛ የወጣችው።

"አላነበብኩትም" አልኩ።

"ምን?"

"ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ማንበብ ገና ይዘገይብኛል። ሰው ፊት አፈርኩ።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ማን እንደሆነ ለማየት አልዞርኩም። ጆሮዬ ግን እንደ ጋለ ብረት ነበር። እዚያው ብሞት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እዚያ ለመሞትም ሳያስፈርሙኝ አይቀሩም።

ኃላፊዋ ትንሽ አየችኝና "ያሉትን በጽሑፍ ያምጡ" አለች። ግድግዳው ላይ ደብተሬን አስደግፌ ጻፍኩ። ለፀሐፊ ከፍዬ ላስጽፍ እችል ነበር። አላስጻፍኩም፤ እልህ ነው። አራት መስመር ነው። የጻፍኩት፦ ዛፉ ገርቢ ነው። ክረምት ይራቆታል፣ በጋ ይለብሳል። ሳላነብ ፈርሜ ሰው አሳስቻለሁ። እባካችሁ በጋውን ጠብቁት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከውስጥ ካለው ሰው ጋር ተነጋግራ መጣች። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይጠበቃል፤ ካላቆጠቆጠ ይቆረጣል። እስከዚያ ደግሞ ግዴታ ፈርም ተባልኩ።

ግዴታው በሁለት ቋንቋ ነው፤ እኔ የምችለው የግራውን፣ አማርኛውን ነው። አነበብኩት። በጣቴ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ቃል በቃል። ሰልፉ ተንጫጫ። "አባባ፣ ወንጌል ነው እንዴ?" አለ አንዱ። ሌላው "ኧረ እስከ መስቀል ይጨርሳሉ!" አለ። እኔ ቀጠልኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ ከዛፉ ቅርንጫፍ ወድቆ በሰው ወይም በንብረት ላይ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂው ፈራሚው ነው።

ያን መስመር ሦስቴ አነበብኩት። ትርጉሙ አልተለወጠም።

ፈረምኩ። ጅራቱን አሳጠርኩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ወርቄ፦ "መጀመሪያ ሳታነብ ፈርመህ ቦታችንን ሰጠህ። አሁን አንብበህ ፈርመህ ቤታችንን አስያዝክ። ትምህርቱ ምኑ ላይ ነው የጠቀመህ?"

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። 

ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ነው። ቀጭን ቅርንጫፍ ሲንቋቋ እኔ እዘላለሁ። ባለባጃጆቹ ዜናውን ሰምተዋል። "ጋሽ በላቸው፣ ቅርንጫፍ ቢወድቅብኝ አዲስ ባጃጅ ይገዙልኛል አሉ፣ እውነት ነው?" ይላል አንዱ፤ ሆን ብሎ ከሥሩ ያቆማል። ጎማ ሊያስጠግን የመጣው ደግሞ ራቅ ብሎ ቆሞ "እዚህ ድረስ ይምጡልኝ" ይላል። ክሪኬን ተሸክሜ ሄድኩ።

ስንት ጎማ እንደጠገንኩ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ነው ያየሁት። አንገቴ ደርቋል። ከዛፉ ይልቅ የደረቀው እሱ ነው።

እሁድ፣ ነሐሴ 18

አንድ ነገር አገኘሁ፤ ምነው ባላገኘሁት። በመደብሩ በኩል የተዘረጋው ወፍራሙ ቅርንጫፍ እውነትም ደርቋል። በቢላዋ ላጥኩት፣ ውስጡ እንደ አመድ ነው። አቶ ፍስሐ ግማሽ እውነት ነበረው።

ዛሬ ቢወድቅ ዕዳው የእኔ ነው። መጋዝ ተውሼ ዛፉ ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ እሾህ! ከሥር ገመዱን የያዘልኝ ማን እንደሆነ ልጻፍ፦ ኦቦ ቱፋ። ማን እንደነገረው አላውቅም። መጣ፣ ከዘራውን ግንዱ ላይ አስደገፈ፣ ገመዱን ያዘ። እኔ ከላይ አወራሁ፤ ሰኞ ለምን እንደፈረምኩ፣ ምንም እንዳልሰጡኝ። እሱ "ሳብ" እና "ቆይ" ብቻ ነው ያለው። ቅርንጫፉ መስታወቱን ሳይነካ ወረደ። አቶ ፍስሐ ወጥቶ አየ፤ አመሰግናለሁ አላለም፣ አልተሳደበምም።

ኦቦ ቱፋ ሲሄድ "እጅህ ይደማል" አለኝ። ይቅርታ አድርጎልኝ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ቆራጮቹ መጡ። መቁረጡ መቆየቱን ማንም አልነገራቸውም። ሁለት ናቸው፤ የሞተር መጋዝ ይዘው፣ ገመዱን ግንዱ ላይ ጠምጥመው ጨርሰው ነበር ስደርስ። ከቀበሌው የተሰጠኝን ወረቀት አወጣሁ። ትልቁ ቆራጭ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "እምም" አለ።

ያን "እምም" አውቀዋለሁ። ልቀልድበት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

"ላንብበው፣ መነጽርህን ሳትረሳ አትቀርም" አልኩት።

"ረስቼዋለሁ" አለ፣ ቶሎ።

ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ሦስተኛውን መስመር ጨምሮ። ጉድጓድ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ነው የማነበው። መጋዙን መሬት አስቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ። ባለባጃጆቹም ሞተር አጠፉ። አቶ ፍስሐ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ።

"እሺ፣ ጥቅምት መጨረሻ እንመለሳለን" አለ ቆራጩ።

"ለምልሞ ብታገኙት ግን..."

"የሚቆረጥ ከሆነ ነው የምንመጣው፣ አባቴ። አሁንም ቀበሌው በነገረን ቀን ነው የመጣነው።"

ገመዱን ሳይፈቱ ሄዱ። ተመልሰን መምጣታችን አይቀርም፣ እንደታሰረ ይቆየን አሉ። ፈትቼ ልጥለው አሰብኩ፤ የሰው ዕቃ ነው። የታጠበ የውስጥ ጎማ አሰጣሁበት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ፣ ሽቅብ አየሁ፣ ያው አጥንት ነው። ይኸው ነፋሱ አሁንም አልቆመም።