ቁልቁል ብቻ የምትሄድ መኪና

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለሙዓዝ። እንዴት ነህ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ የኩዌት ብርድ እንዴት አደረገህ? ኢብቲሃል እንዴት ናት? ልጆቹስ? የጁድ ጥርስ በቀለላት? እኛ አለን፣ አላህ ይመስገን። አለን ስልህ ግን ተናድጄና ተቻኩዬ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢወላገድ እንዳትስቅ። ያልደወልኩልህ አጎቴ አቡ ቁታይባ ሳሎን ተጋድሞ ሁሉን ስለሚሰማ ነው፤ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልህ።

ያቺ ለእማዬ የገዛህላት ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ውሸታም ናት። ሐሙስ ዕለት አጎቴና ሻጩ ከላይ ከሰልት ከተማ ይዘዋት ሲመጡ እኔም እልል ብያለሁ። አጎቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድተናት ባትሪዋ መቀነስ ትቶ ጨመረ፣ የተባረከች ናት!» እያለ አወራ። ላንተም እንደዛ ነው ያለህ፣ አይደል? ሻጩ የኛን መንሰፍ ከነሥጋው ከነሩዙ ጥግብ ብሎ በላ፣ ወንድሙ በሌላ መኪና መጥቶ ወሰደው። ማን ምን ጠረጠረ!

ትናንት ቅዳሜ እማዬን ለኩላሊት እጥበቷ ወደ ሰልት ይዣት ወጣሁ። ስንነሳ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል ሰሌዳው። ዳገቱን ስንጀምር ቁጥሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ዘጠና፣ ስልሳ፣ ሠላሳ። ማሞቂያውን አጠፋሁ፣ እማዬን በጃኬቴ ሸፈንኳት። ከዛ ሰሌዳው ላይ አቅም አለቀ የምትል አንዲት የኤሊ ሥዕል በራች። እማዬ «ይቺ ኤሊ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» አለችኝ። ብረግጥ ብረግጥ መኪናዋ እየተጎተተች ሄዳ ጠመዝማዛው ላይ ቀጥ አለች። ከኋላ ክላክስ፣ ከጎን ገደል፤ ፍሬኑን በሁለት እግሬ ይዤ አለቀስኩ።

ቲማቲም የጫነ ሹፌር ወርዶ አየን። «እህቴ፣ ስትገዟት የት ነው የሞከራችኋት?» አለኝ። ከሰልት ወደ ደይር ዓላ ስትመጣ ነው ስለው ሳቁን ለቀቀው። «ቁልቁል! ቁልቁልማ የኔ አህያም ሳትበላ ትደርሳለች! እነዚህ ሲወርዱ ባትሪያቸው ይሞላል እኮ። ያረጀ ባትሪ የሚታወቀው ሽቅብ ነው» አለኝ። መኪናዋን ገፍቶ ዳር አስያዘልኝ፣ እማዬን ጋቢና አስቀምጦ ሆስፒታል አደረሰን። ከሁለት ሰዓት በላይ አርፍደን ነው የደረስነው፤ ማሽኑን ለሌላ ሰው ሊሰጡባት ነበር፣ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏታል።

ከሰዓት በታክሲ እስከ መኪናዋ ወርደን ወደ ቤት ነዳኋት። ወላሂ ባትሪዋ እየጨመረ ገባች! በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። አጎቴ ሰሌዳውን አይቶ «ይኸው ባትሪ አላት! ጥፋቱ የሴት እግር ነው፣ መርገጥ ብቻ ነው የምታውቂው» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ስለ ቁልቁለቱ ብነግረው «የቲማቲም ነጋዴ ነው መካኒክሽ?» አለኝ። ሻጩ ላይ ሄዶ መጮህ ሲገባው እኔ ላይ ይጮሃል! ቁልፉንም ቀምቶኝ ነገ ሰኞ እማዬን ቁታይባ ይወስዳታል ብሏል። የአጎቴን ልጅ መቼም ታውቀዋለህ፤ ከሚያፍር ገደል ቢገባ ይመርጣል። እኔ ቁልፉ አላንገበገበኝም። እዛ ጠመዝማዛ ላይ ቆመው ቢቀሩስ? የሚያነሳቸው ባይመጣስ? እማዬ አንድ እጥበት ቢያልፋት ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።

እማዬ «ለልጄ አትንገሪው፣ ደስ ብሎት ነው የገዛልኝ» ብላ አስምላኛለች። መሃላዬን አፍርሼ ነው የነገርኩህ። ዛሬውኑ ለአጎቴ ደውልለት፣ ያንተን ቃል አይጥልም። ነገ እሱና ልጁ ባዶዋን መኪና ሽቅብ ይንዷት በለው። እማዬን የጎረቤታችን የኡም ሃይሰም ልጅ በራሱ መኪና ይወስዳታል፣ ለምኜው እሺ ብሎኛል። እነሱ ሰልት ከደረሱ እግራቸውን እስማለሁ።

ኢብቲሃልን ሳምልኝ፣ ጁድንና ታናሿን እቀፍልኝ። ኡም ሃይሰም ሰላም ብላሃለች። እማዬ በጣም ደህና ነኝ በይው ብላለች፤ ደህና ግን አይደለችም። አጎቴ አሁን ጠርቶኝ መኪናዋን ከፍቶ አሳየኝ፤ ሌሊቱን ተሞልታ አድራ መቶ ሃያ ትላለች። ውሸታም!

እህትህ ሽሩቅ
ደይር ዓላ፣ እሁድ ጃንዋሪ 19